«እኩል ውጤት» የሚለው ድምዳሜ ሲመረመር
የደም ዓይነት ሳይጣጣም በሚደረግ የኩላሊት ንቅለ ተከላና በሚያስከትለው ኢንፌክሽን ላይ የቀረበ ሂሳዊ ምልከታ

እንደሚታወቀው የለጋሽና የተቀባይ የደም ዓይነት አለመጣጣም ለኩላሊት ንቅለ ተከላ ለረጅም ዘመን የማይታለፍ አጥር ሆኖ ቆይቷል። የ«ኤ» እና የ«ቢ» የደም ዓይነት መለያዎች በቀይ የደም ሕዋሳት ላይ ብቻ ሳይሆን በኩላሊት የደም ሥሮች ውስጠኛ ሽፋን ላይም ስለሚገኙ፣ በተቀባዩ ደም ውስጥ ያሉት ተፈጥሯዊ ፀረ እንግዳ አካላት አዲሱን ኩላሊት በደቂቃዎች ወይም በሰዓታት ውስጥ ሊያጠፉት ይችላሉ። ዛሬ ይህ አጥር በብዙ አገሮች ታልፏል። በሕክምና መጽሔቶችም «የደም ዓይነት ባይጣጣምም ውጤቱ ከተጣጣመው ጋር እኩል ነው» የሚል ድምዳሜ በተደጋጋሚ ይነበባል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ ድምዳሜ በምን ላይ እንደቆመ መመርመር ነው። የጸሐፊው አቋም በአጭሩ ሲገለጽ፣ ድምዳሜው ስለ ተተከለው ኩላሊት ሲነገር በአብዛኛው እውነት ነው፤ ስለ ሕመምተኛው ሲነገር ግን ጎደሎ ነው። የጎደለውም፣ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት፣ በኢንፌክሽን አማካይነት የሚከፈለው ዋጋ ነው። ይህንን ዋጋ ሳይነግሩ ሕመምተኛን ለሕክምናው ማዘጋጀት አይቻልም፤ ይህንን ዋጋ ሳያውቁም ከሕክምናው በኋላ መከታተል አይቻልም።

የአሠራሩ አመጣጥ

በቤልጂየም ጊ አሌክሳንድርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የደም ዓይነት የማይጣጣም ኩላሊት በዕቅድ መትከል ሲጀምሩ በሁለት ዋና ዋና ዘዴዎች ተጠቅመዋል። አንደኛው የተቀባዩን ፕላዝማ በማጣራት ፀረ እንግዳ አካላቱን መቀነስ ሲሆን፣ ሁለተኛው ጣፊያን በቀዶ ሕክምና ማውጣት ነበር። ከሞቱ ሰዎች የሚገኝ ኩላሊት እጅግ ጥቂት በሆነባት በጃፓን አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1989 ተጀምሮ፣ ከየትኛውም አገር ቀድሞ የዘወትር ሕክምና ለመሆን በቃ። ቀጥሎም እ.ኤ.አ. በ2001 በስዊድን የስቶክሆልም ሐኪሞች ጣፊያ ማውጣትን በሪቱክሲማብ ተኩ፤ መላውን ፕላዝማ ከመለወጥም ፀረ «ኤ» ወይም ፀረ «ቢ» አካላትን ብቻ ለይቶ በሚይዝ ማጣሪያ መጠቀም ጀመሩ።

ይህ ለውጥ ትልቅ እመርታ እንደነበር አይካድም። ጣፊያ የሌለው ሰው በኒሞኮከስና በመሰል ባለ ሽፋን ባክቴሪያዎች በሰዓታት ውስጥ ሕይወቱን ሊያጣ እንደሚችል ማንኛውም የጤና ባለሙያ ያውቃል። ይሁን እንጂ ጣፊያን በመድኃኒት መተካት የመከላከል አቅም መዳከምን አላስቀረም፤ መልኩን ቀየረው እንጂ። ሪቱክሲማብ ቢ ሊምፎሳይቶችን ከደም ዝውውር ያጠፋል። ሕዋሳቱ ተመልሰው እስኪተኩም ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። የፕላዝማ ልውውጥ ጎጂውን ፀረ እንግዳ አካል ሲያስወግድ፣ ሕመምተኛው ከክትባትና ከቀደሙ ሕመሞች ያገኛቸውን ጠቃሚዎቹንም አብሮ ይወስዳል። ታክሮሊመስና ማይኮፌኖሌት ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው ቀደም ብለው ይጀመራሉ። ስለዚህ የደም ዓይነቱ ያልተጣጣመ ተቀባይ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል የሚገባው የመከላከል አቅሙ አስቀድሞ ተዳክሞ ነው። የተጣጣመለት ሕመምተኛ ግን ይህ ሸክም የሚጀምረው ከንቅለ ተከላው ጋር ነው።

ቁጥሮቹ የሚሉትና የማይሉት

«እኩል ነው» ለሚለው ድምዳሜ ዋቢ ሆነው ከሚጠቀሱት ጥናቶች መካከል ሦስቱን እንመልከት።

የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የዓለም አቀፉ የንቅለ ተከላ የትብብር ጥናት ዘገባ ሲሆን፣ የደም ዓይነታቸው ያልተጣጣመ 1,420 ንቅለ ተከላዎችን ከተመሳሳይ የንጽጽር ቡድን ጋር አነጻጽሯል። በሦስት ዓመት ውስጥ የኩላሊቶቹ ዕድሜ በሁለቱ ቡድኖች ተቀራራቢ ሆኖ ተገኝቷል። ብዙዎች የሚጠቅሱትም ይህንኑ ነው። ነገር ግን በዚያው ዘገባ ውስጥ፣ በደም ዓይነት ያልተጣጣሙት ተቀባዮች ከንቅለ ተከላው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት ከኢንፌክሽን ጋር በተያያዘ ምክንያት በብዛት መሞታቸው በግልጽ ሰፍሯል። ዘገባው አልደበቀውም፤ የደበቁት ጠቃሾቹ ናቸው።

ሁለተኛው እ.ኤ.አ. በ2018 በኔዘርላንድ ተመራማሪዎች የቀረበው፣ 26 ጥናቶችን ያጠቃለለ ትንተና ነው። በደም ዓይነት ያልተጣጣሙ 1,346 እና የተጣጣሙ 4,943 ሕመምተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ በአንድ ዓመት ውስጥ በሕይወት የቆዩት እንደ ቅደም ተከተላቸው 98 እና 99 በመቶ ናቸው። አንባቢው እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባዋል። 98 እና 99 ጎን ለጎን ሲታዩ የተቀራረቡ ይመስላሉ። ከሞት አንጻር ሲነበቡ ግን ከመቶ ሁለት ሰው ከመቶ አንድ ሰው ጋር ይነጻጸራል፤ ይኸውም እጥፍ ነው። ልዩነቱ በቁጥር ትንሽ ነው ማለት ይቻላል፤ የለም ማለት ግን አይቻልም።

ከዚህም በላይ ክብደት ያለው የሞት ምክንያት ነው። በዚሁ ትንተና ምክንያታቸው ከተገለጸው ሞቶች ውስጥ ከኢንፌክሽን የመነጩት በደም ዓይነት ካልተጣጣሙት 49 በመቶ፣ ከተጣጣሙት ደግሞ 13 በመቶ ብቻ ነበሩ። እዚህም ላይ ሁለት ዓይነት የተሳሳተ ንባብ ሊያጋጥም ስለሚችል ጥንቃቄ ያስፈልጋል። 49 በመቶ የሚለው ከሟቾች መካከል ያለው ድርሻ እንጂ ከሕመምተኞች ሁሉ መካከል ያለው አይደለም፤ «ግማሹ ሕመምተኛ በኢንፌክሽን ይሞታል» የሚል ትርጉም የለውም። በሌላ በኩል የሟቾቹ ብዛት ትንሽ በመሆኑና የሞት ምክንያት ያልገለጹ ጥናቶች በመኖራቸው፣ አሐዙን እንደ ጽኑ ልኬት ሳይሆን እንደ ጠንካራ ምልክት መውሰድ ይሻላል። ምልክቱ የሚጠቁመው አቅጣጫ ግን አያሻማም።

ሦስተኛውና ትልቁ እ.ኤ.አ. በ2019 በላንሴት መጽሔት የታተመው የጀርመን ተመራማሪዎች ትንተና ነው። ከ65,000 በላይ ሕመምተኞችን ያካተተ ሲሆን፣ ከእነዚህ ውስጥ 7,098ቱ በደም ዓይነት ያልተጣጣሙ ነበሩ። በአንደኛው ዓመት የእነዚህ ተቀባዮች የሞት ዕድል ከተጣጣሙት ጋር ሲነጻጸር 2.17 እጥፍ፣ በሦስተኛው ዓመት 1.89 እጥፍ፣ በአምስተኛው ዓመት ደግሞ 1.47 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። ከስምንት ዓመት በኋላ ልዩነቱ ይጠፋል።

«ልዩነቱ ይጠፋል» የሚለው ሐረግ ብዙዎችን አጽናንቷል። ነገር ግን ምን እንደጠፋ መጠየቅ ተገቢ ነው። እነዚህ አሐዞች የተጠራቀመ ሞትን የሚያነጻጽሩ ናቸው። ዓመታት በሄዱ ቁጥር በሁለቱም ቡድኖች በልብ ሕመም፣ በካንሰርና በዕድሜ ምክንያት የሚመጡ ሞቶች ስለሚጨመሩ፣ የመጀመሪያው ዓመት ልዩነት በብዙ ሞቶች መካከል ይሟሟል። የንጽጽሩ አሐዝ ወደ አንድ መቅረቡ በመጀመሪያው ዓመት የሞቱትን አይመልስም። በተጨማሪም ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ተከታትለው ሊዘግቡ የሚችሉት ቀድመው የጀመሩና ልምድ ያካበቱ ማዕከላት ብቻ ናቸው። የእነርሱን የረጅም ጊዜ ውጤት ወስዶ ትናንት ለጀመረ ማዕከል ተስፋ ማድረግ፣ የጎልማሳን ልብስ ለሕፃን እንደመለካት ነው።

ተጠያቂው ማን ነው?

ኢንፌክሽኑ የመጣው ከምንድን ነው የሚለው ጥያቄ በጥናቶቹ ውስጥ በቂ መልስ አላገኘም። የብዙ ጸሐፊዎች ጣት የሚያመለክተው ወደ ሪቱክሲማብ ነው። ይሁን እንጂ በኔዘርላንድ በዕጣ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት፣ ለመደበኛ የኩላሊት ንቅለ ተከላ ተቀባዮች አንድ ጊዜ ብቻ የተሰጠ ሪቱክሲማብ የኒውትሮፊል ቁጥር መቀነስን ቢያበዛም፣ የኢንፌክሽንን አጠቃላይ ብዛት ግን እንዳልጨመረ አሳይቷል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብቻውን በዳይ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም። ይበልጥ አሳማኝ የሚሆነው የድርብርቡ ኃይል ነው፤ ማለትም ሪቱክሲማብ፣ የፕላዝማ ልውውጥ፣ ቀደም ብለው የሚጀመሩ መድኃኒቶችና የሰውነት ውድቅ ማድረግ ሲከሰት የሚጨመረው ሕክምና በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ የሚፈጥሩት ጫና ነው።

የቢኬ ቫይረስ ጉዳይ ደግሞ ነገሩን የበለጠ ያወሳስበዋል። ይህ ቫይረስ በአብዛኛው ሰው ኩላሊትና የሽንት ቧንቧ ውስጥ ተደብቆ የሚኖር ሲሆን፣ የመከላከል አቅም ሲዳከም ተነሥቶ የተተከለውን ኩላሊት ያጠፋል። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት፣ በቫይረሱ የተነሣ የኩላሊት ጉዳት የደረሰባቸው በደም ዓይነት ካልተጣጣሙት 17.7 በመቶ ሲሆኑ፣ በሕብረ ሕዋስ መለያ ካልተጣጣሙት ግን 5.9 በመቶ ነበሩ። ሁለቱም ቡድኖች ፀረ እንግዳ አካላትን የመቀነስ ሕክምና አግኝተዋል። ሕክምናው ብቻ ተጠያቂ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ልዩነት ባልታየ ነበር። እርግጥ የአንድ ማዕከል ጥናት ነው፤ የሕመምተኞቹም ቁጥር ከፍተኛ አይደለም። ቢሆንም «ምክንያቱ ታውቋል» ብሎ መዝገቡን ለመዝጋት ጊዜው ገና መሆኑን ያስገነዝባል።

የጥናቶቹ የጋራ ጉድለት

እነዚህን ጽሑፎች ጎን ለጎን አድርጎ የሚያነብ ሰው አንድ የጋራ ጉድለት ያስተውላል። ኩላሊቱ ስንት ዓመት እንደሠራ፣ የክሪያቲኒን መጠን ስንት እንደነበር፣ ውድቅ የማድረግ ምልክት በናሙና መታየት አለመታየቱ በጥንቃቄ ይመዘገባል። ኢንፌክሽን ግን ብዙውን ጊዜ በሠንጠረዥ ግርጌ ይቀመጣል። አንዱ ጥናት ሆስፒታል ያስተኛውን ብቻ ሲቆጥር ሌላው ማንኛውንም የሽንት ባክቴሪያ ይቆጥራል። አንዱ ሳይቶሜጋሎ ቫይረስን በደም ምርመራ ሲለይ ሌላው በሕመም ምልክት ብቻ ይለያል። የተለያየ መስፈሪያ ተይዞ የተሰፈረ እህል ተደምሮ ትክክለኛ መጠን እንደማይገኝ ሁሉ፣ እንዲህ ያሉ ጥናቶችም ተጠቃለው ትክክለኛ የኢንፌክሽን መጠን ሊሰጡ አይችሉም።

የዝግጅት ሕክምናውም አንድ ዓይነት አይደለም። የሪቱክሲማብ መጠን ከማዕከል ማዕከል ይለያያል፤ አንዳንዶቹም ጨርሶ አይሰጡም። ፀረ እንግዳ አካላትን ብቻ ለይቶ የሚያወጣው ማጣሪያና መላውን ፕላዝማ የሚለውጠው ዘዴ በመከላከል አቅም ላይ የሚያደርሱት ጉዳት የተለያየ ሆኖ ሳለ በአንድ ስም ይጠራሉ። የፀረ እንግዳ አካላት መጠን የሚለካበት ዘዴም በየቤተ ሙከራው ስለሚለያይ፣ አንዱ ጋ «ዝቅተኛ» የተባለው ሌላው ጋ «ከፍተኛ» ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው መጠን ከፍ ባለ ቁጥር ማጣሪያውም ስለሚደጋገም፣ ይህ ልዩነት በቀጥታ ከኢንፌክሽን አደጋ ጋር የተያያዘ ነው።

ሌላው መነሣት ያለበት ጥያቄ «ከማን ጋር ሲነጻጸር?» የሚለው ነው። በደም ዓይነት የሚጣጣም ለጋሽ ላለው ሰው ይህ ጥያቄ አይነሣም፤ የተጣጣመውን ይወስዳል። ለሌለው ሰው ግን ትክክለኛው ንጽጽር በኩላሊት እጥበት ላይ ከመቆየት ጋር ነው። በአሜሪካ ብሔራዊ መዝገብ ላይ የተመሠረተ ጥናት እንዳሳየው፣ እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የበለጠ የሞት አደጋ ቢገጥማቸውም፣ ከስድስት ወር ገደማ በኋላ በተጠባባቂነት ከቆዩት ወይም ሌላ ኩላሊት ከጠበቁት የተሻለ ዕድል አላቸው። ስለዚህ የዚህ ጽሑፍ ትችት ሕክምናውን ለመንቀፍ የታሰበ አይደለም። ለብዙዎች ጠቃሚ ነው፤ ጥቅሙ የሚገኘው ግን መጀመሪያ ላይ ያለውን አደገኛ ወቅት ለተሻገረ ነው። ለመሻገር የሚያስፈልገው ዝግጅት ደግሞ የሐኪሙ ብቻ ሳይሆን የነርሷ፣ የፋርማሲ ባለሙያውና የቤተ ሙከራ ባለሙያው ጭምር ድርሻ ነው።

ሁለት ቤተሰቦች ለጋሾቻቸውን በመለዋወጥ የሚጣጣም ኩላሊት የሚያገኙበት፣ በደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ1991 የተጀመረው አሠራር ደግሞ ያለ ተጨማሪ የመከላከል አቅም ማዳከም ችግሩን የሚፈታ አማራጭ ነው። «ውጤቱ እኩል ነው» የሚለው አነጋገር ይህንን አማራጭ ለማደራጀት የሚያስፈልገውን ጥረት አላስፈላጊ አስመስሎ ስለሚያቀርብ፣ ጉዳቱ ከቃላት ያልፋል።

በእኛ አገር ሁኔታ ሲታይ

በአገራችን የኩላሊት ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲጀመር የተመሠረተው በሕይወት ባሉ የሥጋ ዘመድ ለጋሾች ላይ ነው። ለጋሹ ከቤተሰብ ክበብ በማይወጣበት አሠራር፣ የደም ዓይነት አለመጣጣም የአንድን ሕመምተኛ ተስፋ ሊዘጋ ይችላል። ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች ሄደው ተተክሎላቸው የሚመለሱ ወገኖችም አሉ። በሕንድ የደም ዓይነት ያልተጣጣመ ንቅለ ተከላ በብዙ ማዕከላት ስለሚካሄድ፣ ከተመላሾቹ መካከል እንዲህ ያለ ሕክምና ያገኘ ሰው ትኩሳት ይዞት ወደ ማንኛውም ጤና ተቋም ሊመጣ እንደሚችል ማሰብ ይገባል።

እዚህ ላይ ከጃፓንና ከስዊድን የተገኘው ማጽናኛ እንዳለ ሊወሰድ የማይችልበት ምክንያት ግልጽ ይሆናል። በእነዚያ አገሮች የተገኘው ውጤት የሳንባ ነቀርሳ እንደ እኛ ባልተስፋፋበት አካባቢ የተገኘ ነው። በሕንድ ቬሎር ከተማ ከተደረጉ የቆዩ ጥናቶች እንደምንረዳው፣ በመደበኛው የኩላሊት ንቅለ ተከላ እንኳ ከ10 በመቶ በላይ የሚሆኑ ተቀባዮች በሳንባ ነቀርሳ ተይዘዋል። በዚህ ላይ የዝግጅት ሕክምናው ሲደመር አደጋው ሊቀንስ የሚችልበት ምክንያት አይታይም። ሕክምናውም የራሱ ወጥመድ አለው፤ ሪፋምፒሲን ጉበት ታክሮሊመስን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ስለሚጨምር፣ የመድኃኒቱ መጠን በቅርብ ካልተለካ ነቀርሳው ሲድን ኩላሊቱ ሊጠፋ ይችላል።

የሄፓታይተስ ቢ ነገርም እንዲሁ ነው። ሪቱክሲማብ ተደብቆ የቆየን ቫይረስ ቀስቅሶ ለሞት የሚያደርስ የጉበት ብግነት ሊያስከትል ስለሚችል፣ የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2013 ይህንኑ በመድኃኒቱ ላይ በጥብቅ ማስጠንቀቂያነት እንዲጻፍ አድርጓል። በመሆኑም የቫይረሱ የላይኛው ሽፋን መለያ ብቻ ሳይሆን፣ ያለፈ ሕመምን የሚያሳየው ፀረ ኮር አካልም አስቀድሞ መመርመር አለበት። ምርመራውም ኢሚውኖግሎቡሊን በደም ሥር ከመሰጠቱ በፊት መሆን ይኖርበታል፤ ከተሰጠ በኋላ የሚገኘው ውጤት የሕመምተኛው ሳይሆን የደም ለጋሾቹ ሊሆን ይችላልና። በተመሳሳይ ሁኔታ ስትሮንጂሎይደስ የተባለው የአንጀት ትል በስቴሮይድ ሥር ሰውነትን ሁሉ ሊወርር ስለሚችል አስቀድሞ ፈልጎ ማከም ይገባል። ክትባትም ከሪቱክሲማብ በፊት መሰጠት አለበት፤ ከዚያ በኋላ ለወራት የሚሰጠው ክትባት በቂ ምላሽ አያገኝምና። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው ብሂል እዚህ ላይ የሕክምና መመሪያ ያህል ትርጉም አለው።

ከተመላሾቹ ጋር በተያያዘ መታወስ ያለበት ሌላው ነገር የምልክቶች መደብዘዝ ነው። ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ከባድ የሆድ ወይም የሳንባ ኢንፌክሽን ይዞት ትኩሳቱ አነስተኛ፣ የነጭ ደም ሕዋሳቱም ቁጥር መደበኛ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሕመምተኛ «ቀላል ጉንፋን ነው» ብሎ መሸኘት አይገባም። ምን ዓይነት ንቅለ ተከላ እንደተደረገለት፣ ሪቱክሲማብ መቼ እንደተሰጠው፣ ጣፊያው መኖር አለመኖሩን፣ ኮትሪሞክሳዞልና የቫይረስ መከላከያ መድኃኒት እየወሰደ መሆን አለመሆኑን መጠየቅ ከማንኛውም ውድ ምርመራ ይቀድማል።

ማጠቃለያ

የደም ዓይነት አለመጣጣምን የተሻገረው ሕክምና ከዘመናችን የሕክምና ጥበብ ፍሬዎች አንዱ ነው። ሆኖም አንድ ጽሑፍ «ውጤቱ እኩል ነው» ሲለን ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ተገቢ ነው። እኩል የሆነው የኩላሊቱ ዕድሜ ነው ወይስ የሰውየው? እኩል የሆነው በስንተኛው ዓመት ነው? ከእኩልነቱ በፊት የሞቱት በምን ሞቱ? እነዚህን ጥያቄዎች የማይመልስ ጥናት ለቀዶ ሐኪሙ በቂ ሊሆን ይችላል፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመምተኛውን ለሚረከቡት ግን በቂ አይደለም።

ወደፊት የሚወጡ ጥናቶች ከባድ ኢንፌክሽንን ከኩላሊቱ ዕድሜ እኩል እንደ ዋና ውጤት እንዲመዘግቡ፣ የሞትን ምክንያትና ጊዜ ለይተው እንዲያቀርቡ፣ የሳንባ ነቀርሳና የሄፓታይተስ ቢ ስርጭት ከፍተኛ ከሆነባቸው አገሮች የሚገኘው መረጃም ለብቻው እንዲታይ መጠየቅ የአንባቢ መብት ነው። ለሕመምተኛው የሚሰጠው የምክር አገልግሎትም ይህንኑ መከተል አለበት። ኩላሊቱ ለረጅም ዓመታት ሊያገለግለው እንደሚችል ሲነገረው፣ የመጀመሪያው ዓመት ከሁሉም የከበደ መሆኑና ለምን እንደሚከብድ አብሮ ይነገረው። ሙሉውን እውነት ሰምቶ የፈቀደ ሕመምተኛ መድኃኒቱን በወቅቱ ይወስዳል፤ ትኩሳት ሲሰማውም ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪሙ ይመጣል።